ሐሰተኛ ትውስታና “ተመልሶ የተገኘ” ትውስታ፡ ከፊልምና ከመጽሐፍ ወደ ምርመራ ክፍል

መግቢያ

ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቄ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል በመሥራት ላይ ሳለሁ፣ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በተደጋጋሚ ራሷን እየሳተች በእናቷ ተይዛ መጣች። የአካል ምርመራዋም ሆነ የላቦራቶሪ ውጤቷ ደህና ነበር። ሕመሙ ከአእምሮ ጭንቀት የመነጨ ሊሆን እንደሚችል ገመትኩ፤ እስከዚህ ድረስ ስህተት አልነበረብኝም። ስህተቱ የተጀመረው ቀጥሎ ባቀረብኩላት ጥያቄ ነው። “በልጅነትሽ የነካሽ ሰው አለ?” አልኳት። “የለም” አለች። በሌላ አነጋገር ደግሜ ጠየቅኋት፤ አሁንም “የለም” አለች። በሦስተኛው ጊዜ “አትፍሪ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ ደህና አድርገሽ አስቢ፤ ማን ነበር?” ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ የአጎቷን ስም ጠራች። አጎቷ በዚያው ምሽት ከቤት ተባረረ።

በሳምንቱ አንዲት ልምድ ያላቸው ሲስተር ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጠው “ያስጨነቀሽን ሁሉ እንደመጣልሽ ንገሪኝ” ብለው ዝም አሉ። ስለ ፈተና፣ ትምህርቷን አቁማ እንድትዳር ስለ ተጀመረው የሽምግልና ንግግር አንድ በአንድ ተናገረች። ስለ አጎቷም ሳትጠየቅ አነሳች፦ “ዶክተሩ ደጋግመው ሲጠይቁኝ የሆነ ሰው መጥራት ያለብኝ መሰለኝ። አሁን ግን ሳስበው የሆነ ይመስለኛል፤ እኔም ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም።”

አጎቷ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ጥቃት ደርሶባት ከነበረ ማስረጃዋን አበላሽቼባታለሁ፤ ካልደረሰባትም በአእምሮዋ ውስጥ ያልነበረ ቁስል ተክያለሁ። ለመሆኑ “የተቀበረ ትውስታ አለ፤ ብልህ ሐኪም ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ሲወጣም በሽተኛው ይድናል” የሚለውን እምነት ከየት አገኘሁት? ከመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ ከፊልም ነበር እንጂ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነት እንዴት እንደተስፋፋ፣ ምርምር ስለ እርሱ ምን እንዳረጋገጠ፣ ለዕለት ተዕለት ሥራችንም ምን ትርጉም እንዳለው በአጭሩ መግለጽ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከየት ተነሣ?

ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 ባሳተሙት የሂስቴሪያ ጥናታቸው በሽተኞች የሚሠቃዩት ከትውስታ የተነሣ እንደሆነ አመለከቱ። ፍሮይድ በ1896 ባቀረበው ንግግር የሂስቴሪያ መንስኤ በሕፃንነት የተፈጸመ ጾታዊ ጥቃት ነው ሲል 18 በሽተኞችን በአስረጅነት ጠቀሰ። በዓመቱ ግን ለወዳጁ ለፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ በዚህ ንድፈ ሐሳብ ላይ እምነቱን እንዳጣ ገለጸ። ሐኪሞች ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ቢኖሩም፣ ሲኒማው ሐሳቡን ሳያቅማማ ተቀብሎታል። በሂችኮክ “ስፔልባውንድ” (1945) ዋናው ገጸ ባሕርይ በልጅነቱ በወንድሙ ላይ ያደረሰውን አደጋ ባስታወሰበት ቅጽበት ከሕመሙ ይላቀቃል። የዚሁ አዘጋጅ “ማርኒ” (1964) ደግሞ ቀይ ቀለም የምትፈራ ሴት የልጅነት ምስጢሯን ስታስታውስ የሚሆነውን ያሳያል። ለታሪክ ሰሪ ይህ አመቺ ነው፤ እንቆቅልሽ፣ ፍለጋ፣ ፍቺ፣ ፈውስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃሉ። በክሊኒክ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

የሲቢል ጉዳይ

ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ ያሳደረው በ1973 የታተመው የፍሎራ ሪታ ሽራይበር “ሲቢል” የተሰኘው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ 16 የተለያዩ ማንነቶች አሏት ስለተባለች ሴትና እናቷ አድርሳባታለች ስለተባለው አሰቃቂ በደል ይተርካል። በ1976 ሳሊ ፊልድ የተወነችበት የቴሌቪዥን ፊልም ሆኖ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ተመልካቾች ደረሰ።

ባለታሪኳ ሸርሊ ሜሰን፣ ሐኪሟም የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ኮርኔሊያ ዊልበር ነበሩ። በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶችና ምስክርነቶች እንደሚያሳዩት ሕክምናው ሂፕኖሲስንና በተደጋጋሚ የሚሰጥ የሶዲየም ፔንቶታል መርፌን ያካተተ ነበር። ታካሚዋ በ1958 ለሐኪሟ በጻፈችው ደብዳቤ ብዙ ማንነት እንደሌላት፣ ስለ እናቷ የተናገረችውም እውነት እንዳልሆነ አምናለች። ዊልበር ግን ይህን የእምነት ቃል ታካሚዋ ከእውነቱ ለመሸሽ ያደረገችው ሙከራ ነው ብለው ተረጎሙት፤ ሕክምናውም ቀጠለ። ዊልበር በሌሉበት ጊዜ ታካሚዋን ይመለከቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ኸርበርት ስፒግል ደግሞ፣ ታካሚዋ በአንድ ወቅት ከማንነቶቿ አንዷን እንድትሆንላቸው ይፈልጉ እንደሆነ እንደጠየቀቻቸው፣ ዶክተር ዊልበር ይህን ይፈልጉ እንደነበርም እንደነገረቻቸው በ1997 በይፋ ተናግረዋል። ጋዜጠኛዋ ዴቢ ናታን በ2011 ባሳተመችው መጽሐፍ የጉዳዩን ሰነዶች በዝርዝር መርምራለች።

ለሐኪም ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ትልቁ ትምህርት ሐኪሟ ክፉ ሰው መሆናቸው አይደለም። ለታካሚያቸው እጅግ የሚያስቡ፣ የጥቃት ሰለባዎች በማይደመጡበት ዘመን ለመስማት የተዘጋጁ ሰው ነበሩ። ችግሩ መላምታቸው ሊሸነፍ የማይችል መሆኑ ነው፤ ታካሚዋ “አዎ” ስትል ማረጋገጫ፣ “የለም” ስትል ደግሞ የመደበቅ ምልክት ሆነ። “አዎ”ም “የለም”ም አንድ ትርጉም የሚሰጠው ጥያቄ፣ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል።

ከመጽሐፍ ወደ ፍርድ ቤት

በ1980 ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሎረንስ ፓዝደር ከታካሚያቸው ጋር በመሆን “ሚሼል ሪሜምበርስ” የተባለ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ ታካሚዋ በልጅነቷ በሰይጣን አምላኪዎች እጅ ደረሰብኝ ያለችው ሁሉ፣ በረጅም የሕክምና ቆይታ ውስጥ የተታወሰ እንደሆነ ተደርጎ ቀረበ። ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች የሚደግፈው ማስረጃ አላገኙም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ታሪኮች በቴሌቪዥን የውይይት ዝግጅቶች በሰፊው ተሠራጩ። በ1988 የታተመው “ዘ ከሬጅ ቱ ሂል” የተባለው የራስ አገዝ መጽሐፍም ግልጽ ትውስታ የሌላቸው ሴቶች እንኳ የተጠቁ መስሎ ከተሰማቸው መጠቃታቸው እንደማይቀር አስተማረ። መጽሐፉ በእርግጥ የተጠቁ ብዙ ሴቶችን እንዳጽናና ሊካድ አይገባም። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣትን፣ ራስን መጥላትንና የፍቅር ግንኙነት መክበድን የመሳሰሉ በማንኛውም ሰው ላይ የሚታዩ ስሜቶችን የተረሳ ጥቃት ምልክት አድርጎ አቀረባቸው።

ውጤቱ በፍርድ ቤቶች ታየ። በ1990 በካሊፎርኒያ አንድ አባት፣ ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ ድንገት አስታወስኩት ባለችው የ1969 ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ ፍርዱ በ1995 ተሽሮ በ1996 ተለቀቀ። በ1994 ደግሞ በዚያው ግዛት በናፓ የተሰየመ ዳኛ ሸንጎ፣ በልጁ አእምሮ ውስጥ ሐሰተኛ ትውስታ እንዲሠርጽ አድርገዋል በተባሉ የሕክምና ባለሙያዎች ላይ ለአባቷ 500,000 ዶላር ካሳ ፈረደ።

ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው፣ ግን በዓይነቱ የሚለየው፣ በ1983 የተጀመረው የማክማርቲን የሕፃናት ማቆያ ጉዳይ ነው። በዚህ የተጠየቁት ዓመታት ያለፉባቸው አዋቂዎች ሳይሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ። ጠያቂዎቹ አሻንጉሊት እየያዙ፣ ሌሎች ልጆች እንዲህ ብለዋል እያሉ፣ የተፈለገውን የተናገረውን ሕፃን እያመሰገኑ፣ ያልተናገረውን ደግሞ እንደ ሰነፍ እየቆጠሩ ጠየቁ። ክርክሩ እስከ 1990 ቢዘልቅም አንድም ሰው ጥፋተኛ አልተባለም። በ1998 ሴና ጋርቨንና ባልደረቦቿ እነዚህን የአጠያየቅ ዘዴዎች ከ3 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ ሞከሯቸው። አንድ እንግዳ ሰው ክፍላቸውን ከጎበኘ በኋላ ሕፃናቱ እርሱ ያላደረጋቸውን ነገሮች አድርጓል ወይ ተብለው ተጠየቁ። መሪ ጥያቄ ብቻ የቀረበላቸው 17 በመቶ ያህል በሐሰት “አዎ” ሲሉ፣ ሙገሳና ግፊት የተጨመረባቸው ግን 58 በመቶ ደረሱ። ለዚህም የአምስት ደቂቃ ያህል ቃለ መጠይቅ ብቻ በቂ ነበር።

ትውስታ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ትውስታን እንደ ቪዲዮ ካሴት ይቆጥረዋል፤ የተቀዳው ሁሉ አለ፣ የጠፋውም መጫወቻው እስኪገኝ ድረስ ነው ይላል። ፍሬደሪክ ባርትሌት ግን ማስታወስ ማለት እንደገና መሥራት መሆኑን በ1932 አሳይቷል። ሂፖካምፐስ በልዩ ልዩ የአንጎል ክፍሎች የተበተኑትን የአንድ ገጠመኝ ቁርጥራጮች ያገናኛል፤ ክፍተቱን የምንሞላው ባለን እውቀት፣ በጠባያችንና በሰማነው ወሬ ነው። ናደርና ባልደረቦቹ በ2000 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ የረጋ የፍርሃት ትውስታ በተነሣ ቁጥር ለጊዜው እንደሚለሰልስና እንደገና መርጋት እንደሚያስፈልገው ታይቷል። ስለሆነም ትውስታ የተነሣበት ሰዓት ሊለወጥ የሚችልበትም ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ምርመራ ክፍል ውስጥ ይውላል።

ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ለ150 ተማሪዎች አሳዩ። ከፊሎቹ ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ሲጠየቁ ብርቱ መላተምን የሚገልጽ ግስ፣ ሌሎቹ ለዘብ ያለ ግስ ሰሙ፤ የቀሩት ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ በፊልሙ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን ያሉት ብርቱውን ግስ ከሰሙት 32 በመቶ፣ ለዘብተኛውን ከሰሙት 14 በመቶ፣ ካልተጠየቁት ደግሞ 12 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው አንድ ቃል ነው። ሎፍተስና ፒክሬል በ1995 ባወጡት ጥናት ለ24 ሰዎች ከቤተሰቦቻቸው የተገኙ ሦስት እውነተኛ የልጅነት ታሪኮችን ከአንድ ፈጠራ ጋር አቀረቡ፤ ፈጠራው ልጁ በገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍቶ እንደነበር የሚገልጽ ነው። ከ24ቱ 6ቱ በከፊል ወይም በሙሉ አስታወሱት።

እርግጠኝነትም ዋስትና አይሆንም። የቻሌንጀር መንኮራኩር በጥር 1986 በፈነዳ ማግስት ናይሰርና ሃርሽ ተማሪዎች ዜናውን የትና እንዴት እንደሰሙ አስጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ 44ቱን ሲጠይቁ ሩብ ያህሉ በጻፉት ነገር ሁሉ ተሳስተው ተገኙ፤ ብዙዎቹም በስህተቱ እርግጠኞች ነበሩ፤ የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ቢቀርብላቸው እንኳ ትውስታው አልታረመም። ከዚህ የምንማረው አንድ ሰው በእንባና በዝርዝር ስለተናገረ ብቻ ትውስታው ትክክል ነው ማለት እንደማይቻል፣ ስለተሳሳተ ብቻም ውሸታም ነው ማለት እንደማይገባ ነው። ሐሰተኛ ትውስታ ያለው ሰው እየዋሸ አይደለም፤ ያመነውን እየተናገረ ነው።

የሚዛኑ ሌላው ወገን

ይህን ሁሉ ያነበበ ባለሙያ “እንግዲያውስ ዘግይቶ የሚነገር ጥቃት ሁሉ ሐሰት ነው” ወደሚል መደምደሚያ ቢደርስ ከእኔ የባሰ ስህተት ይሠራል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት በእርግጥ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ተጠቂው ለዓመታት ዝም የሚለው ረስቶት ሳይሆን ፈርቶ፣ አፍሮ፣ ወይም የሚያምነው አጥቶ ነው። አለመናገርና አለማስታወስ የተለያዩ ናቸው።

መርሳትም ይኖራል። ሊንዳ ማየር ዊልያምስ በ1994 ባወጣችው ጥናት፣ በልጅነታቸው ጥቃት ደርሶባቸው በሆስፒታል የተመዘገቡ 129 ሴቶች ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ ሲጠየቁ 38 በመቶው ያንን የተመዘገበ ጥቃት አልጠቀሱም። ከእነዚህ መካከል የረሱ እንዳሉ ሁሉ ለመናገር ያልፈለጉም ሊኖሩ ይችላሉ። ኤልከ ጌራርትስና ባልደረቦቿ በ2007 ያወጡት ጥናት ለሐኪም ይበልጥ ይጠቅማል። ፈጽሞ ካልተረሱ የጥቃት ትውስታዎች 45 በመቶው ከሌላ ምንጭ ማረጋገጫ ተገኘላቸው፤ ከሕክምና ውጭ በራሳቸው ጊዜ ከተመለሱት 37 በመቶው፤ በሕክምና ሂደት ውስጥ ከተመለሱት ግን አንዱም ማረጋገጫ አልተገኘለትም። የመጨረሻው ቡድን አነስተኛ ስለነበር ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ጥያቄው “ትውስታው ዘግይቶ መጣ ወይ?” ሳይሆን “እንዴት መጣ?” የሚለው ነው።

“የሐሰተኛ ትውስታ ሲንድረም” የሚለው ስምም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ስሙን ያስፋፋው በልጆቻቸው የተከሰሱ ወላጆች በ1992 በአሜሪካ ያቋቋሙት፣ በ2019 የተዘጋ ድርጅት ነው፤ በአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ ውስጥም ቦታ አግኝቶ አያውቅም። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1994 የተመለሱ ትውስታዎች እውነተኛነት እርግጠኛ እንዳልሆነና ከውጭ ማረጋገጫ እንደሚያሻቸው ገልጿል። የእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም በ1997 ባወጣው መመሪያ ትውስታን ለማውጣት የሚደረጉ ዘዴዎችን እንዳይጠቀሙ አባላቱን መክሯል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ዋነኛ ችግርም አብዛኛውን ጊዜ መርሳት ሳይሆን መርሳት አለመቻል ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው በሽተኞቻችን ይህን በቅዠታቸው ያስረዱናል።

በእኛ አካባቢ

የፊልሙ ሐኪም ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፣ የአጠያየቁ ሥርዓት ግን እንግዳ አይደለም። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ጭስ እየታጠነ፣ ሰው ከብቦት “ማን ነው የበላህ? ተናገር!” እየተባለ ሲለፈልፍ፣ የጠራው ስም እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። የሚጠራውም ስም ብዙውን ጊዜ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሰው ነው። ባለፉት ዘመናት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን የዚህ ክስ ሰለባዎች ነበሩ። ይህ ከሐሰተኛ ትውስታ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። ግፊት፣ የደከመ አእምሮ፣ አስቀድሞ የታሰበ መልስና ስም ሲጠራ እፎይ የሚል ከባቢ ግን በሁለቱም ዘንድ አሉ። እኔም በዚያች ተማሪ ፊት ነጭ ጋዋን ለብሼ ያደረግሁት፣ ጭሱ ሲቀር፣ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በአገራችን ደግሞ ልጅ ለታላቅ፣ በሽተኛም ለሐኪም “የለም” ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ የሐኪም ግምት ሳይታወቅ ትእዛዝ ይሆናል።

ለጤና ባለሙያው የሚጠቅሙ ነጥቦች

1. ክፍት ጥያቄ ይቅረብ። “ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ”፣ “ከዚያስ?” የሚሉት ይበቃሉ። የሰው ስም፣ የአካል ክፍልም ሆነ ድርጊት በቅድሚያ ከጠያቂው አፍ አይውጣ።

2. “የለም” የሚል መልስ ይከበር። ያንኑ ጥያቄ መደጋገም የመጀመሪያው መልስ ስህተት ነበር የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ለወደፊቱ መናገር ብትፈልግ በሩ ክፍት መሆኑን መግለጽ ግን ተገቢ ነው።

3. ለመልስ ሙገሳም ሆነ ቅሬታ አይሰጥ። መጽናናት ያለበት ሰውየው እንጂ የሰጠው መልስ አይደለም።

4. ጥያቄውም መልሱም ቃል በቃል በካርዱ ላይ ይጻፍ። “በአጎቷ ተጠቅታለች” ከማለት ይልቅ ማን፣ መቼ፣ ለምን ዓይነት ጥያቄ ምን ብሎ እንደመለሰ ማስፈር ይሻላል።

5. ቃለ መጠይቁ ባይደጋገም ይመረጣል፤ ሊከናወን የሚገባውም ጠርጣሪ ዘመድ በሌለበት ነው። አስተርጓሚ ካለ ጥያቄውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያደርስ አስቀድሞ ይነገረው።

6. ከምልክት ተነሥቶ ወደ ጥቃት አይደረስ። ራስን መሳት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም እንቅልፍ ማጣት ብቻውን የምንም ነገር ማረጋገጫ አይደለም። በአንጻሩ የብልት ምርመራ ደህና መሆኑ ጥቃት እንዳልደረሰ አያረጋግጥም።

7. ሂፕኖሲስም ሆነ ማደንዘዣና ማስታገሻ መድኃኒት ትውስታን ለማውጣት አይሰጥ። እነዚህ ትውስታን አያጠሩም፤ እምነትን ብቻ ያጠነክራሉ።

8. እንክብካቤ ማረጋገጫን አይጠብቅ። በቅርብ ጊዜ ጥቃት ደረሰብኝ ላለ ሰው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የእርግዝና መከላከያም በተቻለ ፍጥነት መጀመር አለበት። የመመርመርና የመፍረድ ሥራ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው፤ የእኛ ሥራ ማከም፣ ማስረጃን ሳያበላሹ መመዝገብና ከአደጋ መጠበቅ ነው።

ማጠቃለያ

ፊልሙና መጽሐፉ ሐኪሙን እንደ ቆፋሪ፣ ትውስታን እንደ ተቀበረ ወርቅ አድርገው አስተምረውናል። ትውስታ ግን ከእርጥብ ሸክላ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል፤ የነካው እጅ አሻራ ይቀርበታል። በእርግጥ የተጠቃን ሰው ከመጠራጠር የሚጠብቀው፣ ንጹሑንም ሰው ከሐሰት ክስ የሚያድነው ያው አንድ ጥንቃቄ ነው፤ ይኸውም ሳይመሩ መጠየቅና የሰሙትን እንዳለ መጻፍ ነው። ሲስተሯ በዚያች ዕለት ከእኔ በላይ የሠሩት ምንም የተለየ ዘዴ አልነበራቸውም። አንድ ጥያቄ ጠይቀው ዝም ማለትን ያውቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበሽተኛ ፊት ስቀመጥ እኔም ይህንኑ ለመማር እጥራለሁ።